አርባ አንድ ድንጋይ

ኔቫ ስታምፐር ሐሙስ ጠዋት ማጭድ ይዛ ወደ ስታምፐሮች መቃብር ስትወጣ ድንጋዮቹ በቦታቸው አልነበሩም።

መጀመሪያ መንገድ የሳተች መሰላት። ግን መንገዱ አንድ ነው፤ የሽቦ በሩም ያው የተንጋደደው በር ነበር። የባሏ የአርቪል መቃብርም፣ አፈሩ ከሁለት ዓመት በኋላም ጉብ እንዳለ፣ ከዝግባው ሥር ነበረ። የአርቪል ድንጋይ ግን የለም። ከጎኑ የነበረችው ትንሿም የለችም። ከዚያ ወዲያ ያሉት አራት ረድፎች አንድ ሳይቀር ተነስተው መሬቱ እንደ ኳስ ሜዳ ተላጭቷል። መሀል ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ክብ የድንጋይ መቀመጫ ቆሟል። አጠገቡ የተተከለች ትንሽ ሰሌዳ «የማሰላሰያ ክበብ፤ በዊሎቢ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ በአገልግሎት ቀን፣ በፍቅር የተሠራ» ትላለች።

የስታምፐሮች የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ የለውም። ከወንዝ ወይም ከእርሻ ዳር ተለቅሞ፣ ሰፊው ጎኑ ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲያይ ሆኖ በራስጌ ይተከላል፤ በቃ። ማን የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኮሌጁ ለዕረፍት ከተዘጋ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ፣ ስታምፐሮች ከየተበተኑበት አበባ ይዘው ሲመለሱ ነው። ከቤተሰቡ በዕድሜ የሚበልጠው በየረድፉ እየሄደ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ እጁን አሳርፎ ስሙን ይጠራል። አበባው ይቀመጣል፤ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ስሙ የጠፋ ካለ እጁን ያሳርፍና ዝም ብሎ ያልፋል። አርባ አንድ ድንጋይ ነው። እሑዱ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ኔቫ መቀመጫውን ሁለት ጊዜ ዞረችው። በሁለተኛው ዙር የምትፈልገውን አገኘች። በምዕራብ በኩል፣ ከታች በሁለተኛው ድርድር፣ ነጭ መስመር ወገቧን የሚያቋርጣት፣ ከአንድ ሙልሙል ዳቦ የማትበልጥ ሰማያዊ ድንጋይ። ዙሪያዋን ሲሚንቶ ይዟታል። ኔቫ ጣቷን ነጩ መስመር ላይ አሳረፈችና መልሳ አነሳችው።

ያቺን ድንጋይ ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት ከወንዙ ያወጧት እሷና አርቪል ናቸው። ያኔ እንደ ብዙው የተራራ ሰው ሥራ ፍለጋ ኦሃዮ ነበሩ። ሕፃኑ ያለ ጊዜው ተወለደ፤ አራት ቀን ቆየ። አገሩ አምጥተው ሲቀብሩት አብራቸው የነበረችው የአርቪል እናት ብቻ ነበረች። ኔቫ ለማንም እንዳትናገር ለመነቻት፤ አማቷም አልተናገረችም። በእሑዱ እጇን በትንሿ ድንጋይ ላይ እያሳረፈች ዝም ብላ ታልፍ ነበር። ከእሷ በኋላ የመጡትም ስሙ የጠፋ መስሏቸው እንዲሁ ያልፋሉ። ኔቫ በየዓመቱ ከኋላ ቆማ ታያለች። እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል አይከፋትም ነበር። አሁን ግን እጅ የሚያርፍበትም የለም።

ማጭዱን እዚያው ጥላ ወረደች።

ከመቃብሩ የሚወርደው መንገድ የኮሌጁን መኪና ማቆሚያ ያቋርጣል። የዚህን ኮረብታ ታሪክ ኔቫ ለሠላሳ አንድ ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ልጆች አስተምራዋለች። ቄስ አሞስ ዊሎቢ በአንዲት በቅሎ ሁለት ስልቻ መጽሐፍ ጭኖ ሲመጣ፣ ክረምቱን ያሳለፈው በስታምፐሮች ጎተራ ነው። በጸደይ ትምህርት ቤት ልሥራ ሲል ኮረብታውን ሰጡት። የጠየቁት ነገር ቢኖር አናቱ ላይ ያለው መቃብርና ወደዚያ የሚያወጣው መንገድ የእነሱ ሆኖ እንዲቀር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከወንዙ ዳር ጭቃ እየረገጡ፣ ጡብ እየተኮሱ የመጀመሪያውን አዳራሽ ሠሩ። ጡቡ ላይ የጣታቸው አሻራ አለ፤ ለእንግዳ ይታያል፤ የማን ጣት እንደሆነ ግን የሚነግር የለም። ከዚያ የድንጋይ ከሰል መጣ፣ ሄደ። ባቡር መጣ፣ ሄደ። የቀረው ኮሌጁ ነው። ዛሬ የዊሎቢ ከተማ ሰው ወይ ለኮሌጁ ያበስላል፣ ወይ ለኮሌጁ ያጸዳል፣ ወይ የኮሌጁን ቦይለር ያነድዳል። የሚስማር ሱቁ ዘጠኝ ዓይነት ዳቦ የሚሸጥበት ቤት ሆኗል። ከሁለቱ የትራፊክ መብራቶች አንዱ፣ የከሰል መኪናዎቹ ካቆሙ ወዲህ፣ ቢጫ ብቻ እያበራ ይኖራል።

የከተማው ሰው ኮሌጁን «ላይኛው ቤት» ይለዋል። ላይኛው ቤት ሲቆጣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማለፍ ነው። ሰዉ ፊት ለፊት እንቢ አይልም፤ ፊት ለፊት ስጡኝም አይልም። ምግብ ሲቀርብለት አንዴ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ሁለተኛ ሲለመን «ኧረ ተዉ» ይላል። በሦስተኛው ወንበሩን ይስባል። ሦስት ጊዜ ያልጠየቀ ሰው አልጠየቀም።

ኔቫ የሄደችበት የኮሌጁ የአገልግሎት ቢሮ ኃላፊ ፔጅ ሊንድክቪስት የምትባል፣ ከሰሜን ሜዳማ አገር የመጣች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላት ሴት ናት። ኔቫን እንዳየች ተነስታ ወንበር ሳበችላት።

«ወይዘሮ ስታምፐር፣ ከልቤ አዝናለሁ። ልጆቹ ሜዳ ላይ የተበተነ ድንጋይ መስሏቸው ነው።»

«የተበተነ አልነበረም። በረድፍ ነበር።»

«ከመጀመራቸው በፊት ያነሱት ፎቶ አለ፤ ይዩት።» ስክሪኑን አዞረችላት።

ፎቶው ላይ ጉልበት የሚደርስ ሣር ነው የሚታየው። ድንጋይ ራሱ አይታይም። ኔቫ ጉልበቷን ስላመማት ካለፈው መኸር ጀምሮ አልወጣችም ነበር። ይህን ለፔጅ መንገር አልፈለገችም።

«ለእሑድ ወደ ቦታቸው መመለስ አለባቸው» አለች።

«ለዚህ እሑድ? ወይዘሮ ስታምፐር፣ ሲሚንቶ እኮ ነው። ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የቀድሞ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ጉብኝቱ ውስጥ ገብቷል። ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። አንድ ትልቅ፣ የሚያምር የእብነ በረድ ሐውልት እናቁም፤ አርባ አንዱም ስሞች ይጻፉበት። ዝርዝሩን ብቻ ይስጡኝ።»

«ዝርዝር የለም።»

«እንዴት?»

«አልተጻፈም።»

ፔጅ ብዕሯን አስቀመጠች። «እርስዎ ግን የታሪክ መምህር ነበሩ፤ አይደል?»

በክፋት የጠየቀችው አይደለም። ኔቫ ግን እንደ ጥፊ ተሰማት። ባለፈው ዓመት ኮሌጁ ለመቶ አርባኛ ዓመቱ የከተማውን ታሪክ እንድትጽፍ ጠይቋት አሥራ ሁለት ገጽ ጽፋ ነበር፤ በመጽሔቱ ላይ የወጣው «ጽኑና ቁጥብ በሆኑ የተራራ ሰዎች መካከል» የሚል ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ አንጀቷን ያሳረራት ዓመቱን ሙሉ ነው። ለካስ በአሥራ ሁለቱም ገጽ ውስጥ ስለ መቃብሩ አንዲት መስመር አልነበረችም። ገና ሙሽራ ሳለች አንድ እሑድ ደብተር ይዛ ወጥታ ነበር። አማቷ ደብተሩን አይታ «ከጻፍሽው ማን ይመጣል?» አለቻት። ኔቫ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እዚያው ቀረ።

«እንዳልኩሽ ነው፤ አልተጻፈም» አለች።

ፔጅ ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ «ሁሉንም ማፍረስ በእኔ ሥልጣን አይደለም» አለች። «ኮሚቴ አለ፣ የሕግ ክፍል አለ። አንድ ድንጋይ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ለእርስዎ የተለየ የሆነ አንድ ካለ ያሳዩኝ፤ ነገ ጠዋት ግንበኛው ያወጣዋል።»

የኔቫ አፍ ተከፈተ። ሰማያዊዋ ድንጋይ ዓይኗ ላይ መጣች። አሁን አንዲት ቃል ብትናገር ነገ በቦታዋ ትሆናለች። ግን የማን ናት ቢሏትስ? ሌሎቹ አርባዎቹስ? የስታምፐር ሚስት የራሷን አውጥታ የሌላውን ትታ መጣች ቢባልስ? ይሉኝታው ከምላሷ ቀደመ።

«ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው» አለች።

ከዚያ ጠበቀች። ፔጅ ሁለተኛ እንድትጠይቃት ጠበቀች። ማንኛዋም የዊሎቢ ሴት ብትሆን ክንዷን ይዛ «ኧረ እባክሽ» ትላት ነበር። ፔጅ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ «ይገባኛል» አለች፣ ማስታወሻዋን ዘጋች። የምትሰማው የተባለውን ነው፤ ጥፋት የለባትም። ኔቫ ደረጃውን ስትወርድ በፔጅም በራሷም ደሟ ፈልቶ ነበር፤ በማን ይበልጥ እንደሆነ መለየት አቃታት።

ዓርብን ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት አሳለፈችው። የግቢ እንክብካቤው ኃላፊ ሣሩ የእሱ እንደሆነ፣ ሲሚንቶው ግን የአገልግሎት ቢሮው እንደሆነ ነገራት። የቅርስ ኮሚቴው ጸሐፊ፣ ያው አሥራ ሁለቱን ገጾች የሸረካከተው ሰው፣ ኮሚቴው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደሚሰበሰብ፣ ጉዳዩም በጣም እንዳስደሰተው ገለጸላት። የሕግ ክፍሉ ደግሞ መሬቱ የቤተሰቡ መሆኑን አልካደም፤ ያልተጻፈበት ድንጋይ ግን የመቃብር ምልክት ይሁን ወይስ ተራ ድንጋይ ገና መጣራት አለበት አለ።

«ማን ነው የሚያጣራው?» ብላ ጠየቀች።

«ሰነድ ካለዎት እርስዎ» አላት ወጣቱ ጠበቃ፣ በትሕትና።

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ዴልመር ሄደች። ዴልመር ስታምፐር የአርቪል ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ። የኮሌጁን ቦይለር አርባ ዓመት ያነደደ ሰው ነው። አሁን የቤተሰቡ ትልቅ እሱ ስለሆነ በእሑዱ ስም የሚጠራው እሱ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የፎሶሊያ ጭራ ይቀነጥስ ነበር።

ነገሩን ስትነግረው እጁ አላቆመም። «ወንበር?» አለ።

«ወንበር።»

«የሚቀመጥበት አጥተው?»

«ለማሰላሰል ነው አሉ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ክፍላቸውን ሳሞቅላቸው አንድም ቀን ሲያስቡ አላየኋቸውም።» ፎሶሊያውን ሳህን ውስጥ ወረወረ። «ሐሙስ ያየሽውን ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?»

«ሳላስጨንቅህ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው።»

«ጨረስሽው?»

ኔቫ ከቦርሳዋ ወረቀትና እርሳስ አወጣች። «ስሞቹን ንገረኝ። ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምር።»

ዴልመር ዓይኑን ጨፈነ። «እሺ፣ ልጀምር። በበሩ በኩል አጎቴ ኬልቪን። ቀጥሎ ሚስቱ። ቀጥሎ መንትዮቹ። ቀጥሎ...» እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አየሩን ዳበሰ። «ቀጥሎ ያ የላም ዳሌ የመሰለው አለ። እሱን ስነካው ነው የሚመጣልኝ።»

«ሳትነካው ሞክር።»

«እየሞከርኩ ነው እኮ።»

«ሁለተኛውን ረድፍ ሞክር።»

«ሁለተኛው የሚጀምረው ጫፉ በተሰበረው ነው። እሱ... ቆይ።» ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቆየ። ዓይኑን ሲከፍት ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ወረቀቱን ወዲያ አድርጊው። ፊቴ ላይ ስትደቅኚብኝ ነው የሚጠፋኝ።»

ዘጠኝ ስም አገኙ። ከዚያ በላይ አልመጣም። ኔቫ ወረቀቱን አጥፋ ያዘች፤ ልትቆጣው ፈለገች፤ ግን ሽማግሌው ፎሶሊያውን በተሳሳተው ሳህን ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ዲጂኖ አለህ?» አለችው።

«ምን ልታደርጊ?»

«አለህ ወይ ነው የምልህ።»

«ሁለት አለኝ» አለ ዴልመር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወጡ። ዴልመር መዶሻና መሮውን በባልዲ ይዞ፣ ኔቫ ዲጂኖውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዘች። የኮሌጁ ልጆች ግንበኞች አልነበሩምና ሲሚንቶውን አንዳንዱ ቦታ ላይ በስሱ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ እንደ ገንፎ አፍሰውታል። የላዩ ድርድር እሺ አለ። መጀመሪያ የተላቀቀው የአርቪል ድንጋይ ነበር። ኔቫ ሳታወራ ተሸክማ ራስጌው ላይ አስቀመጠችው። ዴልመር የወጡትን አንድ በአንድ ጭኑ ላይ እያገላበጠ፣ በአውራ ጣቱ እያሸ ስማቸውን ይጠራል።

«ይህቺ እናታችን ናት። ጠርዟን አየሽ? አርቪል ነው በመጥረቢያ ያስተካከላት፤ ሙያውን አሳያለሁ ብሎ አበላሻት።»

«እሱስ አበላሸሁ ብሎ ነበር?»

«እሱማ ንድፍ ነው ብሏል።»

ኔቫ ሁለት ቀን ሙሉ ያልመጣ ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ደግሞ መዶሻው ጣቷን መታትና ሳቁ ሄደ። ከላይኛው ድርድር ወደ ታች መውረድ ነበረባቸው፤ ሰማያዊዋ ድንጋይ ያለችው ከታች ነው። በቀጥታ ወደ እሷ መሄድ ይቻል ነበር። ግን ዴልመር አጠገቧ ተቀምጧል፤ ለምን ከዚያ ጀመርሽ ይላታል። ስለዚህ በተራው ሠራች፣ ዓይኗ ግን ሰማያዊዋ ላይ ነበር፤ ሲሚንቶው በወፈረበት ቦታ ሁሉ ጥርሷን ነከሰች። በሦስት ሰዓት ሥራ አሥራ ሁለት ድንጋይ አወጡ። 

አሥራ ሦስተኛውን ሲጀምሩ የግቢ ጥበቃው ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና እያቃሰተች መጣች። የሚነዳው ትሮይ ማጋርድ፣ የኔቫ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። ከመኪናው ሳይወርድ ቆቡን አነሳ።

«ሚስ ኔቫ፣ እባክዎ አበባ እየተከልኩ ነው ይበሉኝ።»

«ወንበር እያፈረስኩ ነው፣ ትሮይ።»

«አልሰማሁም።»

«ወንበር እያፈረስኩ ነው።»

«ሰባተኛ ክፍልም እንዲህ ነበር የሚያደርጉኝ።» ወረደና መቀመጫውን ተመለከተ፤ በአንድ በኩል ጥርሱ የወለቀ ሰው መስሏል። «አንድ እንግዳ ደውሎ ሁለት አሮጊቶች የኮሌጅ ንብረት እየሰበሩ ነው አለ።»

«አሮጊቶች?» አለ ዴልመር።

«ከሩቅ ነው ያየዎት፣ ሚስተር ዴልመር።»

«አንተ ከቅርብ ስታየኝስ?»

ትሮይ ፈገግ አለና ፈገግታውን አጠፋው። «ማቆም አለብዎት፣ ሚስ ኔቫ። ካላቆሙ ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ሪፖርት ከጻፍኩ ሸሪፉ ይመጣል፤ ሸሪፉ ከመጣ ለእሑድ በሩ ይዘጋል። የሚስቴ አያቶችም እዚህ ናቸው። የማደርገውን አጣሁ።»

ኔቫ ዲጂኖውን መሬት ላይ ተከለችና ተደገፈችበት። ሁለት ቀን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ያባረሯት ሰዎች አንዳቸውም እዚህ የሉም። ፊቷ የቆመው ራሷ ያስተማረችው ልጅ ነው፤ እሱ ላይ ልትጮኽ አትችልም። መጮህ የምትችልበት ሰው በከተማው ውስጥ አልቀረም።

ትሮይ ወደ መኪናው መለስ አለ። «ሬዲዮዬ እያስቸገረኝ ነው፤ ላስተካክለው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ድንጋይ ያውጡ። አንድ ብቻ። የትኛውን ይፈልጋሉ?»

ዴልመር ቀድሞ «አባቴ እዚያ ጋ ነው» አለ፣ በስተግራ ወፍራሙን ሲሚንቶ እያሳየ። «ያ ሰፊው። አባቴን አውጪልኝ።»

«ዴልመር እንዳለው ይሁን» አለች ኔቫ።

ትሮይ አልተንቀሳቀሰም። የዊሎቢ ልጅ ነው። «እርስዎን ነው የጠየቅኩት።»

«ለእኔ ልዩነት የለውም።»

«ሚስ ኔቫ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «የትኛውን?»

ኔቫ ዴልመርን ላለማየት መሬት መሬቱን እያየች እጇን ወደ ምዕራብ ዘረጋች። «ያቺን። ሰማያዊዋን።»

ትሮይ ሬዲዮውን ረስቶ ዲጂኖውን ራሱ ተቀበላትና በርከክ ብሎ መምታት ጀመረ። ዴልመር ድንጋይዋን አየ፤ ኔቫን አየ። «እሷ ስሟ የጠፋው ናት» አለ። «ከአባቴ በፊት እሷን?»

«አዎ።»

«የማን ናት?»

«የእኔ ናት» አለች ኔቫ።

ዴልመር ቆየት ብሎ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ትሮይ መምታቱን ቀጠለ።

ድንጋይዋ ሙሉ ሆና ወጣች፤ አንድ ጥግ ላይ የማይለቅ ሲሚንቶ ይዛ። ኔቫ አቅፋ ከአርቪል ጎን ወሰደቻትና በጣቶቿ አፈሩን ቆፍራ ተከለቻት። ሌሎቹን አሥራ አንዱን ያስቀመጡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የጥንቶቹ መቃብሮች የሰመጡበት ቦታ ጥላ ይይዛል። ጥላው እስኪጠፋ ድረስ ዴልመር «ወደ ግራ... ትንሽ... እዚያ» እያለ አስተከላት። ትክክል ይሁን አይሁን ሁለቱም አላወቁም። ስለ አባቱ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ኔቫ ቢናገር በወደደች።

እሑድ ስታምፐሮች መጡ። ከኦሃዮ፣ ከኢንዲያና፣ ከወንዙ ማዶ፤ ሠላሳ አራት ሰው። በሰም የተነከረ የወረቀት አበባ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ በየንብርብሩ የደረቀ ፖም የገባበት ኬክ ይዘው። በሩ ላይ ቆመው ሜዳውን አዩ። አንዲት የአክስት ልጅ «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ብላ ጠየቀች። ኔቫ ለመመለስ ሞከረች፤ ስለ ኮሚቴውና ስለ ሕግ ክፍሉ ጀምራ መሀል ላይ ተወችው። ስትናገረው የእሷው ጥፋት ይመስል ነበር፤ ግማሹም የእሷው ነው።

ዴልመር ከበሩ ጀመረ። በተተከሉት ድንጋዮች ላይ እጁን እያሳረፈ ስም ጠራ፤ ድንጋይ በሌለበት ደግሞ ቆም እያለ፣ ባዶውን ሣር እያየ አለፈ። አበባ የያዙት ሰዎች ወዴት እንደሚያስቀምጡ ጨንቋቸው ተከተሉት። አርቪል ጋ ደረሰ። ስሙን ጠራ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መዳፉን በሰማያዊዋ ድንጋይ ላይ አሳረፈ። እንደ ወትሮው ዝም አለ። ነገር ግን አላለፈም። ጎንበስ እንዳለ አንገቱን ዞር አድርጎ ኔቫን ጠበቀ።

ኔቫ ከኋላ ነበረች። ሰዎቹ ዞረው አዩዋት።

«ኦወን» አለች።

ሌላ የምትጨምረው አልነበራትም። ዴልመር «ኦወን» ብሎ ደገመው፤ እንደ ሌሎቹ ስሞች፣ ከፍም ዝቅም ሳይል። አንዲት ሴት አበባ አስቀመጠች። ኔቫ ሰውነቷ ይቀልላታል ብላ ጠብቃ ነበር። አልቀለላትም።

ከዚያ ዴልመር ወደ ክቡ መቀመጫ ሄደ። ሲሚንቶ ውስጥ የቀሩት ሃያ ስምንቱ እዚያ ናቸው። ዙሪያውን እየዳበሰ ስም መጥራት ጀመረ፤ የላም ዳሌ የመሰለውን ሲነካ ስሙ መጣለት፤ ጫፉ የተሰበረውንም አወቀው። ኔቫ አጠገቡ ሆና ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች። አንዳንዱ ግን ፊቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ተገንብቷል፤ እዚያ ላይ ዴልመር ጣቱን ሲሚንቶው ላይ ያሽና «ጀርባውን አላውቀውም» ይላል። ወደ ሰፊው ድንጋይ ሲደርስ ግን ሳይነካው «አባቴ» አለ። ኔቫን አላያትም። ሰዎች አበባቸውን መቀመጫው ላይ ደረደሩ፤ ሌላ ቦታ አልነበረምና።

ምሳው ሣር ላይ ሊዘረጋ ሲል የቀድሞ ተማሪዎቹ ጉብኝት በበሩ ገባ። ሃያ የሚሆኑ፣ ሁሉም ደረታቸው ላይ ስም የለጠፉ። ፔጅ ሊንድክቪስት ከፊት ነበረች፤ የተሰበረውን መቀመጫ ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። እንግዶቹ ግን ተበተኑ። «እዩ እንዴት በአበባ አስጊጠውታል» አለች አንዷ ሴት፣ ስልኳን እያወጣች። ኮረብታው ያደከመው አንድ ትልቅ ሰው፣ ፊቱ ላብ በላብ፣ አንድ ጥቅል አበባ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ገፋ አደረገና ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ። ዴልመር ከሣሩ ላይ ሊነሳ ሞከረ፤ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው።

ኔቫ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲጠይቃት የምትጠብቀው ሰው አልነበረም። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይነሱ» አለችው።

ሰውዬው ቀና ብሎ ፈገግ አለላት። «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«አይቻልም። የባሌ አባት ላይ ነው የተቀመጡት።»

ሰውዬው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ ተነሳ። ድንጋዩን አየ፣ ቀጥሎ ያለውን አየ፤ ከዚያም ሌላ የሚቀመጥበት ቦታ ፍለጋ ዙሪያውን መመልከት ጀመረ።